እማዬን ባሕር ላሳያት ስወስዳት

እማዬ ከአዲስ አበባ እንግሊዝ አገር ልትጠይቀኝ የመጣችው በፍልሰታ ነበር። "ባሕር አሳዪኝ" አለችኝ። መኪና የለኝም። ደግነቱ ከሊድስ ተነስቶ በዮርክና በፒከሪንግ በኩል ዊትቢ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ የሚገባ አውቶቡስ አለ፤ 840 ቁጥር፣ ኮስትላይነር ይሉታል። ያኔ አንድ ጉዞ 3 ፓውንድ ስለነበር፣ መንገድ ላይ ወርደን እንኳ የሁለታችን የቀኑ ትራንስፖርት 18 ፓውንድ ብቻ ወሰደ።

መጀመሪያ ያቀድኩት አራት ከተማ ነበር። ማታ የአውቶቡሱን ሰዓት ሳየው ሁለቱን ሰረዝኩ። ዊትቢ ድረስ የሚሄደው በቀን ጥቂት ጊዜ ነው፤ አንዱ ካመለጠ ቀኑ ይበላል። ቀኑንም ሰኞ አደረግኩት፤ የፒከሪንግ ገበያ የሚውለው ሰኞ ነዋ።

ገበያው ትንሽ ናት። እማዬ እንጆሪ ገዛች፣ ወጣን። እኔ ግን ፒከሪንግን የምወዳት ለጴጥሮስ ወጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን ብዬ ነው። ግድግዳው ላይ የ15ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሎች አሉ። ለዘመናት በኖራ ተሸፍነው ኖረው በ1852 እ.ኤ.አ. ነው የተገኙት። ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ላይ ሆኖ ዘንዶውን ይወጋል። እማዬ ቀጥ ብላ ቆመች። አማተበች።

"አንተ! እዚህም አለህ?"

ለግማሽ ሰዓት ብለን ገብተን ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየን። ልንይዘው ያሰብነው አውቶቡስ ሄደ። አልቆጨኝም፤ ግን እዚያ ለመቆየት ከመጀመሪያው ሰፋ ያለ ጊዜ መያዝ ነበረብኝ።

ከፒከሪንግ በኋላ መንገዱ ደጋውን አቋርጦ ያልፋል። በነሐሴ ቁጥቋጦው ሁሉ ሐምራዊ አበባ ያወጣል። ከዚያ ድንገት ባሕሩ።

ዊትቢ ላይ ምግብ ሳንቀምስ 199ኙን ደረጃ ወጣን። ጉልበት ለሚያማቸው ሰዎች፣ አይፍሩ። በየመሃሉ ሰፋ ያሉ ማረፊያዎች አሉ፤ ድሮ አስከሬን ተሸክመው የሚወጡት የሚያርፉባቸው ነበሩ። ላይ የፈረሰው ገዳም አለ። ቅድስት ሂልዳ በ657 እ.ኤ.አ. የመሠረተችው ገዳም የነበረው እዚያ ነው። በ664 የዚያ አካባቢ ንጉሥ የነበረው ኦስዊ የፋሲካን ቀን ለመወሰን ጉባኤ የጠራው እሷ ጋ ነው። ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ንጉሡና ንግሥቲቱ በተለያየ ቀን አቆጣጠር ስለሚሄዱ፣ እሱ ሲፈስክ እሷ ገና ሆሣዕና ላይ ነበረች። ይህን ለእማዬ ስነግራት ዝም ብላ ቆየች። እኔም በየዓመቱ የሥራ ባልደረቦቼ ፋሲካን ሲያከብሩ ገና ሑዳዴ ላይ ነኝ። ይህቺ አገር ያንን ነገር አንድ ጊዜ ኖራዋለች ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ያን ያህል ባይተዋርነት አይሰማኝም።

ወደብ ስንወርድ ራበን። ድንች ጥብስ ጾም ነው ብዬ ልገዛ ተሰለፍኩ። እማዬ ናት "በምን እንደሚጠበስ ጠይቂ እንጂ" ያለችኝ። በበሬ ሞራ! በዚህ አካባቢ፣ ዮርክሸር ውስጥ፣ ብዙ ድንች ጠባሽ ቤቶች ልማዳቸው ነው። በጾም የምትሄዱ ሳትጠይቁ አትግዙ፤ በአትክልት ዘይት የሚጠብሱም አሉ።

እማዬ ቦርሳዋን ከፈተች። ዳቦ ቆሎ ይዛ ነበር። መርከቦቹን እያየን ከእንጆሪው ጋር በላነው።