ቦንድ አይሞትም

ትርጉም ፊልም ላይ የሠራ ሰው ይህን ክርክር ያውቀዋል። መጨረሻው የሚያሳዝን ፊልም በመጣ ቁጥር «ይቆረጥ» የሚል አይጠፋም። በእኛ ስቱዲዮ «ይቆረጥ» ባዩ አለቃችን ነበር።

የእኔ ሥራ ስክሪፕት መጻፍ ነበር። ፊልሙን አያለሁ፣ ንግግሩን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፣ ለተራኪያችን አፍ እንዲመች አድርጌ አዘጋጃለሁ። እሱ ማይክ ላይ ያነበዋል። ኤዲተሩ ከምስሉ ጋር ያገጣጥመዋል። ከዚያ ፊልሙ በየሰፈሩ በፍላሽ የሚጭኑ ልጆች ጋ ይደርሳል፣ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ላይ ይታያል፣ ምግብ ቤት ውስጥ ይከፈታል። ብዙ ሰው ያየዋል። ማን እንደጻፈው የሚጠይቅ የለም፤ እሱ ቅር ብሎኝም አያውቅም። ቅር የሚለኝ ሌላ ነገር ነው።

ያጣላን ፊልም «ሌየር ኬክ» ይባላል፤ ድርብርብ ኬክ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ የእንግሊዞች የወንጀል ፊልም ነው። ማቲው ቮን ከዚያ በፊት የጋይ ሪቺን ፊልሞች ፕሮዲዩስ ሲያደርግ ነበር፤ ራሱ ዳይሬክት ሲያደርግ ይህ የመጀመሪያው ነው። ጄ ጄ ኮኖሊ የጻፈውን ልቦለድ ራሱ ኮኖሊ ወደ ስክሪፕት ቀይሮታል። ዋናው ተዋናይ ዳንኤል ክሬግ ነው። ያኔ ገና ቦንድ አልሆነም፤ «ካሲኖ ሮያል» የመጣው በ2006 ነው።

አለቃችን ፊልሙን የመረጠው ፖስተሩን አይቶ ነው። «ጀምስ ቦንድ ነው፣ ይሄዳል» አለ። እኔ ደግሞ ፊልሙን ከፍቼ ማየት ስጀምር ሌላ ነገር ውስጥ ገባሁ።

ሰውዬው የለንደን ኮኬይን ነጋዴ ነው። ሽጉጥ አይወድም። አይጮህም። ለሚያቀርብለት ሰው ሒሳቡን በጊዜው ይከፍላል፣ ስሙ እንዲነሳ አይፈልግም፣ አይስገበገብም። ራሱን የሚቆጥረው እንደ ወንበዴ ሳይሆን እንደ ነጋዴ ነው። በቂ ገንዘብ ይዟል፤ አሁን ሥራውን ትቶ መውጣት ነው የሚፈልገው። ሊወጣ አንድ እግሩን ሲያነሳ የበላዩ የሆነው ጂሚ ፕራይስ ሁለት ሥራ ጫነበት። አንደኛው የጠፋች የሀብታም ልጅ መፈለግ ነው። ሁለተኛው አንድ ሚሊዮን የኤክስታሲ ክኒን ማሻሻጥ። ክኒኑ አምስተርዳም ውስጥ ከሰርቦች የተዘረፈ ነው። ሰርቦቹም ዝም አላሉም፣ ገዳይ ላኩ። እንግዲህ ከዚያ በኋላ ያለውን አስቡት።

የመጀመሪያው ጭቅጭቅ በስሙ ተነሳ። ፊልሙ ውስጥ የሰውዬው ስም አንድም ቦታ አይጠራም። መጨረሻ ላይ በሚወርደው የተዋንያን ዝርዝር ላይ እንኳ በስሙ ቦታ አራት የኤክስ ምልክት ብቻ ነው ያለው። ትረካ ላይ ግን ስም የግድ ነው፤ ተራኪው ማን ምን እንዳለ የሚለየው በስም ነው። እኔ «ሰውዬው» እያልኩ ጻፍኩት። አለቃችን ስክሪፕቱን ገልጦ «ሰውዬው፣ ሰውዬው፣ ምንድነው ይሄ? ጀምስ በይው» አለኝ።

«ጋሼ፣ ስሙን ደብቆ ነው የሚኖረው። መጨረሻ ላይ ራሱ ያነሳዋል፤ ስሜን ብታውቁ ኖሮ እኔን ታክሉ ነበር ዓይነት ነገር ይላል። አሁን ስም ካወጣንለት ያ ንግግር ባዶ ይሆናል።»

«ተመልካቹ ግራ ይገባዋል።»

ያዳነኝ ተራኪያችን ነው። ማይኩ ፊት ተቀምጦ «ሰውዬው» የምትለዋን በዚያ ወፍራም ድምፁ ሁለት ሦስቴ ሞከራት። «ደስ ትላለች፣ ትቀመጥ» አለ። ተራኪ ደስ ካለው አለቃም አይከራከርም፤ ሥራው የሚሸጠው በእሱ ድምፅ ነው። በዚህ አለፈ።

ከስክሪፕቱ ሁሉ ብዙ የደከምኩበት ቦታ ማይክል ጋምበን ያለበት ነው። የሃሪ ፖተሩ ሽማግሌ፣ ዳምብልዶር። እዚህ ኤዲ ቴምፕል የሚባል ባለጸጋ ወንጀለኛ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ቆሞ ለሰውዬው የዓለምን አሠራር ያስረዳዋል። ትወለዳለህ፣ ትዋረዳለህ። አንድ ደረጃ ትወጣለህ፣ ውርደቱ ትንሽ ይቀንሳል። እንደገና ትወጣለህ። አንድ ቀን ጫፍ ላይ ትደርስና ውርደት ምን እንደሚመስል ራሱ ትረሳዋለህ። የፊልሙ ርዕስም ከዚሁ ንግግር የመጣ ነው። ይህችን አጭር ንግግር ደጋግሜ ጻፍኳት፤ ሙሉው ፊልም የተንጠለጠለው እሷ ላይ ነው ብዬ ስለማምን ነው። አሁንም አምናለሁ።

ምክንያቱም ፊልሙ ውስጥ ሲድኒ የሚባል ቀጭን ልጅ አለ። ክኒኑን የዘረፈው ዱክ የሚባል ሰው ነው፤ ልጁ የእሱ ዘመድ ነው። የሚታየው ጥቂት ቦታ ነው። ክለብ ውስጥ ከፍቅረኛው ከታሚ ጋር ይታያል፤ ሰውዬው ልጅቷን ያያታል፣ እሷም ታየዋለች። ከዚያ በኋላ ልጁን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ሰውዬው ሲፈራ የኖረው ጂሚን ነው፣ ኤዲን ነው፣ ከሰርቦቹ የተላከውን ገዳይ ነው። ከሁሉም ያመልጣል። ጂሚን ራሱ በሌሊት ሄዶ ይገድለዋል። ሁሉንም ጨርሶ፣ ከወዳጆቹ ጋር ምሳ በልቶ፣ ታሚን ይዞ ከአንድ ትልቅ ክለብ ደረጃ ላይ ይወጣል። ያንን የስሙን ነገር ይናገራል። እዚያ ደረጃው ላይ ቀጭኑ ልጅ ይተኩስበታል። ፊልሙ አለቀ።

ተራኪያችን እስከ መጨረሻው አነበበልኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። ኤዲተሩ ከምስሉ ጋር አገጣጥሞ ለአለቃችን ሲያሳየው እኔም አጠገባቸው ነበርኩ። ሰውዬውና ልጅቷ ከበሩ ሲወጡ አለቃችን ጣቱን ስክሪኑ ላይ ለጠፈው። የጣቱ አሻራ እስኪቀር ድረስ ነው የተጫነው።

«እዚህ ጋ ቁረጠው።»

«ጋሼ፣ ገና እኮ አላለቀም» አልኩ።

«ምኑ ነው ያላለቀው? ገንዘቡን አገኘ። ልጅቷን አገኘ። ጠላቶቹ አለቁ። ሌላ ምን ቀረ?»

«ይሞታል።»

«ጀምስ ቦንድ አይሞትም።»

በ2021 በወጣው የክሬግ የመጨረሻ የቦንድ ፊልም ላይ ቦንድ ራሱ ሞቷል። ይህ የሆነው ግን ከዚያ በፊት ነውና ያኔ ይህ መልስ አልነበረኝም። «ይሄ ቦንድ አይደለም፣ አደንዛዥ ዕፅ ነጋዴ ነው» አልኩት። ኤዲተሩ በዚህ መሀል ከሲድኒ ፊት ላይ ምስሉን አቁሞ «ውይ! ይሄ እኮ የቦንዱ ኪው ነው!» ብሎ ጮኸ። እውነቱን ነው። ልጁን ሆኖ የሠራው ቤን ዊሾው ነው፤ በ2012 በወጣው «ስካይፎል» ላይ ለቦንድ መሣሪያ የሚያዘጋጅለትን ኪውን ሆኖ ሠርቷል።

አለቃችን ይሄን ሲሰማ ባሰበት። «ጭራሽ የራሱ ሰው ነው የሚገድለው? አይሆንም። ቁረጠው አልኩህ።»

ቀጥሎ የተናገረው ግን እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የነገረኝ። «ስሚኝ ልጄ። ሰው ከጎንደር ተነስቶ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ተቀምጦ ይመጣል። አንዱ ለቅሶ የሚሄድ ነው። አንዱ የታመመ ሰው ይዞ ነው። የራሱ ሐዘን በቂው ነው። እኔ ደግሞ ገንዘብ ተቀብዬ ሌላ ሐዘን አልጨምርለትም።»

ይህ ተራ ንግግር አይደለም። አለቃችን ክፉ ሰውም አይደለም። ግን አልተስማማሁም፤ አሁንም አልስማማም። «ጋሼ፣ ያ አውቶቡስ ላይ ያለ ሰው እኮ የማንን ቦታ እንደሚይዝ ያውቃል» አልኩት። «የሰውዬውን አይደለም፣ የልጁን ነው። ፍቅረኛውን የተቀማው፣ ማንም ዞር ብሎ ያላየው ልጅ ነው የሚመስለው። እርሱን ከቆረጥነው ፊልሙ ምን ይላል? ዕፅ ሽጠህ፣ ሰው ገድለህ፣ የሰው ፍቅረኛ ይዘህ በሰላም ትወጣለህ ይላል። ይሄንን ነው አውቶቡስ ላይ ለወጣት የምናሳየው?»

«ፊልም ነው እኮ» አለኝ።

በጣም የተናደድኩት በዚህች ነው። ፊልም ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ፊልም ይዞ መሥራት የለበትም። ይህን ግን ለታላቄ አይባልምና ዝም አልኩ። ፊቴ ግን የተናገረ ይመስለኛል።

ተቆረጠ። አለቃችን የመዝጊያውን ቃል ራሱ ጻፈው፤ ሰውዬውና ታሚ ሩቅ አገር ሄደው በሰላም ኖሩ የሚል ነው። እኔን ጻፊ ብሎኝ ነበር፣ እምቢ አልኩ። ተራኪያችን አንዴ አነበበውና ከማይኩ ተነሳ። ሁልጊዜ ካነበበ በኋላ «እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያን ቀን አልጠየቀም።

ፊልሙ ወጣ። ጥሩም ተሸጠ። አለቃችን አንድ ሁለት ጊዜ «አየሽ?» ብሎኛል። መሸጡን አይቻለሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ሰፈር ውስጥ ፊልም የሚጭነው ልጅ አዲስ የወጣ ሊወስድ መጣ። ፍላሹን ኮምፒውተር ላይ እየሰካ «እኔ ምለው፣ ያ የእንግሊዞቹ ፊልም ክፍል ሁለት አለው እንዴ?» አለ።

«የለውም። ለምን?» አለው ኤዲተሩ።

«ሰው እየጠየቀኝ ነው። ያ ልጅቷን የተቀማው ቀጫጫ ልጅ የት ገባ ይሉኛል። እንደዚያ ተቀምቶ ዝም ብሎ ቀረ? ይመለሳል ብለን ስንጠብቅ አለቀ ነው የሚሉኝ።»

በሥራ ዓለም እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀን ትንሽ ነው። ስለ ማቲው ቮን ሰምተው የማያውቁ ሰዎች፣ ፊልሙን በትንሽ ስክሪን፣ በመንገድ ጫጫታ ውስጥ አይተው፣ የጎደለውን ነገር በትክክል ነገሩን። ሰውዬው የረሳውን ልጅ እነሱ አልረሱትም። አለቃችን ወንበሩ ላይ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። እኔ ምንም አልተናገርኩም፤ ወደ እሱ ብቻ ዞርኩ። ትንሽ አሰበ። አገጩን አሸት አሸት አደረገ።

«ልጁንም ከመጀመሪያው መቁረጥ ነበረብን» አለ።

ኤዲተሩ ሙሉውን ቅጂ አላጠፋውም ነበር። ለጫኙ ልጅ በፍላሽ አድርጌ ሰጠሁትና ለጠየቁት ሰዎች እንዲሰጥልኝ ነገርኩት። አለቃችን ይህን መስማቱ አልቀረም። አንድም ቃል አልተናገረኝም። ቀጣዩ የክሬግ ፊልም ሲመጣ ግን ስክሪፕቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ።