ጳጉሜን የማያውቅ ሠንጠረዥ፦ የድሮ የጋዜጣ ማስታወቂያዎችን ስካን ስለ ማድረግና ስለ መመዝገብ

ከጋዜጣ ላይ በመቀስ ተቆርጦ የወጣ ማስታወቂያ ማን ምን እንደሚሸጥ ይነግረናል። መቼ፣ በየትኛው ጋዜጣ፣ ከየትኛው ዜና ሥር እንደ ወጣ የሚናገረው ግን ገጹ ላይ ቀርቷል። ስለዚህ ስካን የሚደረገው ገጹ ሙሉውን ነው፤ ኅዳጉ፣ የገጽ ቁጥሩ፣ ከላይ ያለው የቀን መስመር ሁሉ ይገባል። ማስታወቂያው የሚቆረጠው በኋላ፣ ኮምፒውተር ላይ፣ ከቅጂው ነው። ዋናው ፋይል አይነካም።

መሣሪያው ብዙ አያከራክርም። ልቅ ለሆኑ ወረቀቶች ኤ3 የሚይዝ ጠፍጣፋ ስካነር ይበቃል። ወረቀት እየሳበ የሚያስገባው ዓይነት ስካነር ለድሮ ጋዜጣ ፈጽሞ አይሆንም፤ የጋዜጣ ወረቀት ከእንጨት ብስባሽ ስለሚሠራ ከዕድሜ ጋር ይቢጫል፣ ይደርቃል፣ ሲታጠፍ እንደ ቂጣ ይሰበራል። በጥራዝ የታሰሩት ደግሞ ስካነር ላይ ተገልብጠው መጫን የለባቸውም። ጀርባቸው ይላቀቃል፤ ቢተርፉም በመሐል ያለው አምድ ጎብጦ ይወጣል። ለእነሱ ካሜራ በቁም ማቆሚያ ላይ ይሰቀልና ወደ ታች ይመለከታል፤ ሁለት መብራቶች ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ ያበራሉ፤ ጥራዙ ከሁለቱም ወገን በአረፋ ወይም በተጣጠፈ ጨርቅ ይደገፋል። የመስኮት ብርሃን ይዘጋ፤ ደመና ባለፈ ቁጥር የገጹ ቀለም ይለወጣል። ጓንት አያስፈልግም። የታጠበና የደረቀ እጅ የወረቀቱን ጠርዝ ከጓንት ይልቅ በደንብ ይሰማል። ያረጀ ፕላስተር ከተለጠፈበት አትላጡት፤ ፊደሉን ይዞ ይነሣል።

ቀጭን ወረቀት ከሆነ የጀርባው ጽሑፍ ወደ ፊት ይታያል። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ከገጹ ጀርባ ጥቁር ወረቀት ማድረግ። የስካነር ክዳን ነጭ በመሆኑ ብርሃኑን መልሶ የጀርባውን ፊደል ያጎላዋል፤ ጥቁር ወረቀት ግን ይውጠዋል። ገጹ ትንሽ ጠቆር ብሎ ይወጣል፣ ችግር የለውም።

ስለ ጥራት ብዙ ቦታ 300 ፒክሰል በኢንች ይበቃል ሲባል ይሰማል። ለላቲን ፊደል ይበቃ ይሆናል። ለፊደላችን አይበቃም፤ ምክንያቱም ሰ እና ሱን፣ ሲ እና ሴን የሚለየው ትንሿ ቅጥያ ናት። በ7 ነጥብ (ነጥብ የፊደል መጠን መለኪያ ነው) የተለቀመ ፊደል በ300 ሲነሣ ከ29 ፒክሰል የማይበልጥ ቁመት ይኖረዋል፤ ቅጥያዋ 2 ወይም 3 ፒክሰል ብትደርስ ነው። ቀለሙ ትንሽ ከፈሰሰ ጠፋች። በ400 ቁመቱ 39፣ በ600 ደግሞ 58 ይሆናል። ስለዚህ ለገጹ 400፣ ጥቃቅን ማስታወቂያ ለሞላባቸው ገጾች 600፤ በቀለም፣ 24 ቢት፣ ሳይጨመቅ፣ ቲፍ በሚባለው የምስል ፋይል ዓይነት። ኤ3 ገጽ በ400 ሲነሣ 93 ሜጋባይት፣ በ600 ደግሞ 209 ሜጋባይት ይመዝናል። 40 በ55 ሴንቲሜትር የሆነ ትልቅ ገጽ በ400 ወደ 164 ሜጋባይት ይደርሳል። በሳምንት አንዴ በ4 ገጽ የሚወጣ ጋዜጣ በዓመት 208 ገጽ ነው፤ ይህ 34 ጊጋባይት ገደማ ሲሆን ሦስት ቅጂ ሲቀመጥ ከ100 ያልፋል። ይህን ስሌት ዲስክ ከመግዛት በፊት መሥራት ነው።

ፎቶግራፍ ያለበት ማስታወቂያ ስክሪን ላይ ማዕበል የመሰለ መስመር ሊያሳይ ይችላል። የጋዜጣ ፎቶ በነጠብጣብ የታተመ ስለሆነ ምስሉ ሲያንስ ነጠብጣቡና ፒክሰሉ ይጋጫሉ። መቶ በመቶ አጉልታችሁ እዩት፤ ማዕበሉ ከጠፋ ፋይሉ ደህና ነው። ስካነሩ ላይ ያለውን ነጠብጣብ ማጥፊያ አማራጭ ለዋናው ፋይል አትጠቀሙ፤ ከነጠብጣቡ ጋር ጥቃቅኑን ጽሑፍም ያለሰልሰዋል።

መብራት። ፋይሉ እየተጻፈ ሳለ መብራት ከሄደ የሚቀረው ቲፍ አንዳንድ ጊዜ ይከፈታል፤ የላይኛው ግማሽ ደህና፣ የታችኛው ግራጫ ሆኖ። በትንሹ ምስል ብቻ የሚያይ ሰው አያስተውለውም። መብራት ሲሄድ ለጊዜው ኃይል የሚሰጠው ዩፒኤስ ለኮምፒውተሩ ብቻ ሳይሆን ለስካነሩም ለውጪ ዲስኩም ይሰካ። በየዕለቱ መጨረሻም የእያንዳንዱ ፋይል መለያ ድምር (ፋይሉ በትንሹም ቢለወጥ አብሮ የሚለወጥ ቁጥር) ሻ-256 በሚባለው ስሌት ተሰልቶ ይቀመጥ፤ ወደ ሌላ ዲስክ ሲገለበጥ እንደገና ተሰልቶ ይነጻጸር።

እስከዚህ ያለውን ትጉህ ሰው በሁለት ሳምንት ይለምደዋል። ሥራው የሚከብደው መዝገቡ ላይ ነው፤ መዝገቡም መጀመሪያ የሚሰናከለው በቀን ነው።

ኤክሴል የእኛን ቀን አያውቅም። ወራትን ከመስከረም ጀምሮ ቆጥራችሁ 1938-02-04 ብላችሁ ጥቅምት 4ን ስትጽፉ የፈረንጅ ፌብሩዋሪ 4 አድርጎ ይወስደዋል፣ ዝም ብሎ። ጥቅምት 30 ሲመጣ ግን ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ እንደ ጽሑፍ ይተወዋል። ጳጉሜን 4፣ 1938-13-04፣ ለእሱ ቀን አይደለችም። እንግዲህ በአንድ አምድ ውስጥ ሁለት ዓይነት መረጃ ተቀላቀለ ማለት ነው፤ በቅደም ተከተል ሲደረደር ጥቅምት 30 እና ጳጉሜን ሁሉ ተሰብስበው ታች ይወርዳሉ። ስለዚህ የኢትዮጵያ ቀን የሚገባበት አምድ ገና ባዶ ሳለ ጽሑፍ ተብሎ ይወሰን። የፈረንጁ ቀን ሌላ አምድ ይኑረው።

ከኢትዮጵያው ቀን ወደ ፈረንጁ የሚደረገው ልወጣም ወጥመድ አለው። በተለመደው ዓመት በዓመተ ምሕረቱ ላይ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ 7፣ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ 8 ይደመራል። ጳጉሜን 6 የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ነው፤ ተከታዩ ዘመነ ዮሐንስ በሴፕቴምበር 12 ይጀምራል፣ እስከ የካቲት 21ም ድረስ ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ይገፋል። ዓመቱ ለ4 ሲካፈል ያለ ቀሪ ከደረሰ ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ 1936 እንዲህ ነው፣ መስከረም 1 ቀንም ሴፕቴምበር 12፣ 1943 ላይ ይውላል። ከየካቲት 22 ጀምሮ ልዩነቱ ይጠፋል። ማረጋገጫው ጋዜጣው ራሱ ላይ ታትሟል፤ የሳምንቱ ቀን። አዲስ ዘመን የተመሠረተው ግንቦት 30 ቀን 1933 ነው፣ ልወጣው ጁን 7፣ 1941 ይሰጣል፣ ያ ዕለት ቅዳሜ ነበር። ልወጣው ዓርብ ወይም እሑድ ካወጣላችሁ ቀመሩ ተሳስቷል። (ቀመሩ የሚሠራው ከማርች 1900 ወዲህ ላለው ነው፤ በፈረንጆቹ 1900 ፌብሩዋሪ 29 አልነበረውምና። የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ማርች 1 ላይ ውሎ ዛሬ በዓሉ ማርች 2 ላይ የሚውለው በዚሁ ምክንያት ነው።)

በግእዝ ቁጥር የታተመ ዓመት ዜሮ የለውም፤ ፲፱፻፴፰ ሲነበብ 19 መቶ 38 ነው። ከላይና ከታች ያሉት ሰረዞች ሲደበዝዙ ኦሲአር (ከምስል ላይ ጽሑፍ የሚያነብ ፕሮግራም) ፊደል አድርጎ ስለሚያነባቸው የቀን መስመሩን በእጅ መተየብ ይሻላል።

አሁን ወደ አስቸጋሪዎቹ፦ ቀድሞ ተቆርጠው፣ ቀን ሳይጻፍባቸው በፖስታ ውስጥ የተቀመጡት። መጀመሪያ ጀርባቸው ይገልበጥ። ከማስታወቂያው ጀርባ ያለው ግማሽ ዜና ብዙ ጊዜ ቀኑን ይሰጣል፤ የአንድ ሹመት ዜና ሦስት መስመር ከተገኘ ጥራዙ ውስጥ ሊፈለግ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱም ገጽ ስካን ይደረጋል፣ ጀርባው ባዶ ቢመስልም።

ጀርባው ካልረዳ አድራሻውና ዋጋው ይጠየቃሉ። «ከፍተኛ» እና «ቀበሌ» የሚል አድራሻ ያለው ከሐምሌ 1967 በፊት ሊሆን አይችልም፤ ቀበሌ የመጣው በዚያ ወር በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ነው። አዲስ አበባ ሆኖ «ክፍለ ከተማ» ካለ 1995 ወይም ከዚያ ወዲህ ነው። ስልኩ በ011 ከጀመረ ከ1998 ወዲህ። «የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት» የሚል ጨረታ ከመስከረም 1967 በፊት። ዋጋው በሽልንግ ከሆነ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ የሚሠራበት፣ ከ1933 ወዲህ ያለው ጊዜ ነው፤ የኢትዮጵያ ብር የወጣው ሐምሌ 1937 ላይ ነው። እዚህ ላይ ግን ጋዜጣው የት እንደታተመ ማየት ግድ ነው፤ አስመራ ላይ ሽልንግ እስከ ፌዴሬሽኑ፣ እስከ 1945 ድረስ ቆይቷል። የእንግሊዝኛ ማስታወቂያዎች ደግሞ የእኛኑ ብር እስከ 1969 መባቻ ድረስ «ዶላር» ይሉታል። ይህን የአሜሪካ ዶላር ብሎ የመዘገበ ሰው የጫማውን ዋጋ ሰማይ ሰቅሎታል። ዋጋ እንደታተመ ይጻፋል እንጂ አይመነዘርም።

እንዲህ የተገመተ ቀን በራሱ አምድ «ከዚህ በፊት ያልሆነ» እና «ከዚህ በኋላ ያልሆነ» ተብሎ በሁለት ዓመት ይገባል፣ ምክንያቱም አብሮ ይጻፋል። «1960ዎቹ» ብሎ ብቻ መተው ተከታዩን ሰው ሥራውን ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል።

ከቀን ቀጥሎ ፊደል። «ፀሐይ» የሚለውን ስም ውሰዱ። የመጀመሪያው ፊደል ፀ ወይም ጸ፤ ሁለተኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሊሆን ይችላል። 2 ጊዜ 6፣ 12 አጻጻፍ። «ፀሐይ ልብስ ስፌት» የሚል ሱቅ በ12 መልክ ሊመዘገብ ይችላል ማለት ነው፤ አንዱን የፈለገ ሌሎቹን አያገኝም። ሆሄውን «ማስተካከል» መፍትሔ አይደለም፤ የታተመው እንደታተመ መቆየት አለበት። ስለዚህ ሁለት አምድ፦ አንዱ ቃል በቃል፣ ስሕተቱ ሳይነካ፤ ሌላው ለፍለጋ ብቻ፣ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ የተመለሱበት፣ ሃ እና ዓን የመሰሉት ወደ አንድ የተጠቃለሉበት፣ ቍ ወደ ቁ፣ ጐ ወደ ጎ የተቀየሩበት። ሁለተኛውን ማንም በእጅ አይተይበውም፤ በአንድ የመተኪያ ቀመር ከመጀመሪያው ይሠራል። ፈላጊው የሚተይበውም ቃል በዚያው ቀመር ማለፍ አለበት፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል፣ ከዚያ ፍለጋው «አልተገኘም» ይላል።

የቃላት መለያው ሁለት ነጥብም እንዲሁ። በድሮ ጽሑፍ በየቃሉ መካከል ፡ አለ። ቃል በቃል በሚገባበት አምድ ውስጥ ይግባ፣ ግን የግእዙ ይሁን፤ ከእንግሊዝኛው ሰሌዳ የሚመጣው ኮለን በዓይን ይመሳሰላል እንጂ ሌላ ነው። ሁለት ኮለን ደርቦ አራት ነጥብ ያስመሰለም ብዙ ነው። በፍለጋው አምድ ውስጥ ሁሉም ወደ ባዶ ቦታ ይለወጣሉ።

የውጪ ስሞች የባሰ ይለዋወጣሉ። ፊሊፕስ፣ ፊልፕስ፣ ፊሊብስ፤ ሲንገር፣ ሲንጀር። ለእነዚህ አንድ የስም ዝርዝር ይያዝ፤ አንዱ መጠሪያ ይመረጥ፣ ሌሎቹ ከሥሩ ይዘርዘሩ። የሰው ስም ሲሆን የባሰ ስሕተት አለ፤ በፈረንጅ ልማድ የአባትን ስም አስቀድሞ ኮማ ማድረግ። የእኛ ሰው በራሱ ስም ነው የሚገባው።

ኦሲአርን በተመለከተ፣ ቴሰራክት የሚባለው የኦሲአር ፕሮግራም የአማርኛ ሞዴል አለው፤ በንጹሕ የኮምፒውተር ኅትመት ላይ ይረዳል። ከእርሳስ ብረት በተሠራ ፊደል በተለቀመ፣ በእጅ በተሣለ ርእስ ላይ ግን ለ እና ሰን ያምታታል። ርእሱ፣ ድርጅቱ፣ ዕቃው፣ ዋጋውና አድራሻው በእጅ ይተየቡ፤ ቀሪው በኦሲአር ይለፍና «ያልታረመ» የሚል ምልክት ይደረግበት።

አንድ መዝገብ ተሞልቶ ምን ይመስላል? ለማሳያ ብቻ የተሠራ፦ ጋዜጣ፣ ዓመትና ቁጥር እንደታተመው፤ ቀን 1938-13-04፤ የፈረንጅ ቀን 1946-09-09፤ ገጽ 3፤ ቦታ፣ ከግራ 3ኛው አምድ፣ ከታች፤ ስፋት 2 አምድ፣ ቁመት 11 ሴንቲሜትር፤ ዓይነት፣ ሸቀጥ፤ ዕቃ፣ የልብስ ስፌት መኪና፤ ቋንቋ፣ አማርኛና ፈረንሳይኛ፤ ሥዕል፣ አለ፣ የተቀመጠች ሴት ከመኪናው ጋር፤ የገጹ ፋይልና የቁራጩ ፋይል። «ዓይነት» የሚለው አምድ በነጻ አይጻፍም፤ ከዝርዝር ይመረጣል፦ ሸቀጥ፣ አገልግሎት፣ ጨረታ፣ የሥራ ቦታ፣ የፍርድ ቤት ጥሪ፣ የጠፋ ሰነድ ወይም ማኅተም፣ ሐዘንና ምስጋና። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ የግለሰብ ስም ስለሚይዙ ወደ ድረ ገጽ ከመውጣታቸው በፊት ለብቻ ይታዩ።

ያው ማስታወቂያ ለስድስት ወር በየሳምንቱ ሲወጣስ? በየጊዜው አዲስ መዝገብ ከተከፈተ ካታሎጉ በአንድ ሳሙና ይሞላል፤ አንዴ ብቻ ከተመዘገበ ደግሞ ምን ያህል ጊዜ እንደወጣ ይጠፋል። አንድ መዝገብ ይከፈት፣ ከሥሩ የወጣባቸው ቀኖችና ገጾች ይደርደሩ። ሥዕሉ ያው ሆኖ ዋጋው ወይም አድራሻው የተለወጠ ዕለት ግን ሌላ መዝገብ ይከፈትለታል፣ ከቀድሞውም ጋር በቁጥር ይያያዛል።