መንግሥትን ከማማከር ወደ ማግባባት፦ ከጎንደር የተገኘ ልምድ

በክልላችን ካሉት ቢሮዎች በአንዱ በመጀመሪያ በሕግ ባለሙያነት፣ በኋላም በኃላፊው አማካሪነት ለዓመታት ካገለገልሁ በኋላ ወደ ትውልድ ከተማዬ ጎንደር ተመልሼ፣ የነጋዴዎችን፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራትንና የአስጎብኚዎችን ጥያቄ ለመንግሥት አካላት በጽሑፍ እያዘጋጁ የማቅረብና የማስረዳት ሥራ ጀመርሁ። በሌላው ዓለም ሎቢ፣ በእኛ ቋንቋ ማግባባት የሚባለው ይኸው ሥራ በአገራችን ራሱን የቻለ አዋጅ ስለሌለው ብዙ ሰው ከአማላጅነት ለይቶ አያየውም። ከሕግ ትምህርት ቤት የሚወጡ ወጣቶች እንዴት እንደገባሁበት ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ የማውቀውን እጽፋለሁ።

በአማካሪነት ዘመኔ የተማርሁት ትልቁ ነገር ውሳኔ የሚበስለው የት እንደሆነ ነው። ባለጉዳይ ሁሉ ኃላፊውን ካላገኘሁ ይላል፤ ኃላፊው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርመው አንድ ባለሙያ አጥንቶ፣ የሕግ ክፍል መርምሮ ያቀረበለትን ነው። በክልል ደረጃ ረቂቅ ሕግ ከሐተታ ዘምክንያቱ፣ ማለትም ሕጉ ለምን እንዳስፈለገ ከሚያብራራው ጽሑፍ ጋር ተዘጋጅቶ ለመስተዳድር ምክር ቤቱ (ለካቢኔው) ይቀርባል፤ አዋጅ ከሆነ ወደ ክልሉ ምክር ቤትና ወደ ቋሚ ኮሚቴው ያልፋል፤ ሲጸድቅም የክልሉ የሕግ ጋዜጣ በሆነው በዝክረ ሕግ ታትሞ ይወጣል። በፌዴራል ደረጃ ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀውን ሕግ ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀናት ውስጥ ባይፈርሙበት እንኳ በሥራ ላይ ይውላል። እንግዲህ ረቂቁ ገና በባለሙያው እጅ ሳለ የቀረበ ሐሳብ አንድን አንቀጽ ሊለውጥ ሲችል፣ ያው ሐሳብ ከጸደቀ በኋላ ቢቀርብ ቅሬታ ሆኖ መዝገብ ቤት ይቀመጣል። ሐተታ ዘምክንያትን ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው፣ የቱንም ያህል ባለሥልጣን ቢያውቅ፣ በዚህ ሥራ ብዙ ርቀት ይሄዳል ብዬ አላምንም።

ከአዋጅ ይልቅ መመሪያን መከታተል እንደሚበጅም እመክራለሁ። የነጋዴውንና የገበሬውን የዕለት ኑሮ የሚነካው ብዙውን ጊዜ አዋጁ ሳይሆን ከሥሩ የሚወጣው መመሪያ ነው። የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል ተቋማት ረቂቅ መመሪያቸውን ይፋ አድርገው የሕዝብ አስተያየት እንዲቀበሉ ያስገድዳል፤ ያልተመዘገበ መመሪያም ተፈጻሚነት እንዳይኖረው ደንግጓል። ይህ ለእኛ የተከፈተ ሰፊ በር ነው፤ የሚገባበት ሰው ማነሱ ያሳዝነኛል።

አንድ ጉዳይ በዝርዝር ላንሣ። ከመተማ ወደ ጎንደር ሰሊጥ የሚያመጡ ነጋዴዎች፣ መኪናቸው በየኬላው እየቆመ የተለያየ ክፍያ እንደሚጠየቅ ነግረውኝ ነበር። ሐሳባቸው ሽማግሌ መርጠው ወደ አንድ ከፍተኛ ኃላፊ መላክ ነበር። እኔ የጠየቅኋቸው ደረሰኝ ነው። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት፣ «ልጄ፣ እኛ የምንፈልገው ገመዱ እንዲነሣልን ነው፤ ቁርጥራጭ ወረቀት ምን ያደርግልሃል?» ሲሉኝ፣ «አባቴ፣ ኃላፊው ሊቀበሉዎት ቢፈልጉ እንኳ ለካቢኔው የሚያሳዩት ነገር ያስፈልጋቸዋል» አልኋቸው። ደረሰኙ ተሰበሰበ። እያንዳንዱን ክፍያ በየትኛው ሕግ እንደተጣለ ስፈትሽ፣ ጥቂቱ በሕግ የተደነገገ፣ ጥቂቱ ደግሞ ከደብዳቤ በቀር መሠረት የሌለው ሆኖ አገኘሁት። ጥያቄያችንም በዚሁ መሠረት ለሁለት ተከፈለ፦ ሕጋዊው በአንድ ቦታና በአንድ ደረሰኝ ይሰብሰብ፤ ሕግ የሌለው ይቅር።

ይህ ብቻ ግን አይበቃም ነበር። ከኬላ የሚገኘው ገንዘብ በአካባቢው አስተዳደር ዕቅድ ውስጥ የተያዘ ገቢ ስለሆነ፣ «ይቅር» ብሎ ብቻ የሚመጣን ጥያቄ የመጀመሪያው ተቃዋሚ የፋይናንስ ባለሙያው ነው፤ ደመወዝ ከየት ይከፈል ብሎ ቢጠይቅ እውነቱን ነው። ስለዚህ ጭነቱ በመጫኛው ቦታ በሚገባ ቢመዘገብ ሊሰበሰብ የሚችለውን ገቢ በሠንጠረዥ አሳየን። ወረቀቱ ሁለት ገጽ ነበር፤ የመጨረሻው አንቀጽ በቀጥታ ወደ ደብዳቤ ሊገለበጥ በሚችል የሕግ ቋንቋ ተጻፈ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የቀጣዩ ዓመት ዕቅድ ሳይዘጋ በፊት እንዲደርስ አደረግን። ሁሉም አልተሳካም፤ ከክፍያዎቹ አንዳንዶቹ በአንድ ደረሰኝ ተጠቃለሉ፣ አንድ ኬላ ግን እንዳለ ቀረ። ነጋዴዎቹ ሙሉ ድል ጠብቀው ስለነበር ቅር አላቸው፤ እኔ ግን በጽሑፍ የተገኘ ግማሽ ውሳኔ በቃል ከተሰጠ ሙሉ ተስፋ እንደሚሻል አሁንም አምናለሁ፤ ቃሉን የሰጠው ኃላፊ ሲቀየር ተስፋውም አብሮት ይሄዳልና።

ማኅበራት በዚህ ሥራ ለመሰማራት ያላቸው የሕግ መሠረት ከቀድሞው እጅግ የተሻለ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ማኅበራት በመብት ጉዳዮች እንዳይሠሩ ከልክሎ ነበር። በ2011 ዓ.ም. እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1113 ግን ድርጅቶች ከሥራቸው ጋር የተያያዙ ሕጎችና ፖሊሲዎች እንዲወጡ ወይም እንዲሻሻሉ ሐሳብ እንዲያቀርቡ በግልጽ ፈቅዷል። የነጋዴው ማኅበረሰብም በአዋጅ ቁጥር 341/1995 የተቋቋሙ የንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤቶች አሉት። ስለዚህ አንድ ባለሀብት ብቻውን ሲመጣ በተቻለኝ ሁሉ ወደ ማኅበሩ እመልሰዋለሁ፤ የአንድ ሰው ጥያቄ ልዩ ጥቅም ይመስላል፣ አንዳንዴም ነው።

ከመንግሥት ቢሮ ወጥቶ በማግስቱ ያንኑ ቢሮ ማግባባት የሕሊና ጥያቄ ያስነሣል። በአሜሪካ ሥራቸውን የለቀቁ ሴናተሮች ምክር ቤቱን ለማግባባት 2 ዓመት፣ የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ደግሞ 1 ዓመት መጠበቅ ግዴታቸው ነው፤ በ1995 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረትም አግባቢዎች ተመዝግበው ማንን ወክለው እንደሚሠሩ ያሳውቃሉ። እንዲህ ያለ ሕግ ለእኛም እንዲወጣ አጥብቄ እፈልጋለሁ። እስከዚያው ለራሴ ያወጣሁት ደንብ አለ፦ በቢሮ ሳለሁ በእጄ ያለፈ መዝገብን በሚመለከት ከማንም ሥራ አልቀበልም፤ ክፍያዬን ከውጤት ጋር አላያይዝም፤ ለባለሥልጣን የሚሰጥ ስጦታም በእኔ በኩል አያልፍም። ተሰሚነትን መሸጥ በሙስና ወንጀል እንደሚያስጠይቅ ለደንበኞቼ በውላችን ላይ እጽፍላቸዋለሁ። በዚህ ምክንያት የሄዱብኝ ደንበኞች አሉ።

ልጀምር ለሚል ወጣት የምሰጠው ሥራ አንድ ነው። አንድ ረቂቅ መመሪያ ይፈልግ፣ የሚነካቸውን ሰዎች በአዘዞ ወይም በአራዳ ገበያ ሄዶ ያነጋግር፣ ከዚያም የሚለወጠውን አንቀጽ፣ ተለዋጩን ቃልና ምክንያቱን በሁለት ገጽ ጽፎ ለተቋሙ የሕግ ክፍል በደረሰኝ ያስገባ። ምላሽ ከዘገየ ሐሳቡ የት እንደደረሰ በመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት በጽሑፍ ይጠይቅ፤ የገባበትን ቀንና የመዝገብ ቁጥር የያዘውን ቅጂም በእጁ ያስቀር።