ሰንስክሪን፣ አሸዋና የጋሼ መላጣ

ባሕር ለሌለን ሰዎች ቢች ማለት ላንጋኖ ነው። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድተህ፣ መቂ ላይ ቲማቲም፣ ዝዋይ ላይ ዓሣ ገዝተህ ትደርሳለህ። ውኃው ቡናማ ነው። እጅህን ብታስገባ ጣትህ አይታይህም። ቢልሃርዚያ የለበትም ስለሚባል ግን ሰው ሁሉ ሳይሰጋ ይዘልበታል።

እኛም ወረድን። አጎቴ ጋሼ፣ ባለቤታቸው እትዬ፣ እኔ፣ እና ከቨርጂኒያ ለእረፍት የመጣችው የአክስቴ ልጅ። የእሷ ሻንጣ ግማሹ ልብስ ነው፤ ግማሹ ፋርማሲ።

አሸዋውን ገና ሳንረግጥ የሰንስክሪን፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ ቲዩብ አወጣች። «ኤስፒኤፍ 50 ነው። ዚንክ ኦክሳይድ። ሁላችሁም ትቀባላችሁ!»

ጋሼ ሳቁ። «የኔ ልጅ፣ እኛ እኮ ፀሐይ ላይ ነው የተወለድነው። ይሄን ሊጥ ለፈረንጆቹ!»

ልጅቷ ምን ታደርግ፣ ሌክቸር ጀመረች። የጥቁር ሰው ቆዳም ይቃጠላል፤ ቆዳን የሚያጠቁረው ሜላኒን ያግዛል እንጂ አያስመካም። ላንጋኖ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር ከፍ ይላል፤ በየ1,000 ሜትሩ ደግሞ ቆዳ የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሐይቅ ዳር ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዝህ መቃጠልህን እንኳ አታውቅም። በየሁለት ሰዓቱ፣ ከዋኙ በኋላ ደግሞ ወዲያው መድገም ነው። ጆሮ፣ የአንገት ጀርባ፣ የእግር ላይኛው ክፍል አይረሳም።

«መላጣም» አለች ወደ ጋሼ እያየች።

ጋሼ ባርኔጣቸውን ጫን አደረጉ።

እኔ ታዛዥ ነኝ፤ ተቀባሁ። ዚንክ ነጭ ዱቄት ነው፤ ቆዳው ላይ ይቀመጣል እንጂ አይሰርግም። ቀላ ያለ ሰው ላይ ብዙም አይታወቅ ይሆናል። እኔ ላይ ግን ባሸሁት ቁጥር ባሰበት። ቅንድቤ ውስጥ ገብቶ ተጋገረ። «ለኛማ ቀለም የተጨመረበት ዚንክ አለ፤ ጭራሽ የማያነጣም አይነት አለ» አለችኝ። መቼ? ከተቀባሁ በኋላ!

ወደ ውኃው ስሄድ ልጆች «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያሉ ከበቡኝ። አንዱ ጠጋ ብሎ መረመረኝና «ፀጉሩ ግን የሀበሻ ነው» ብሎ ፈረደ። ሌላው «አሞት ነው መሰለኝ» አለ፤ ራቅም አለ።

ከሰዓት በኋላ የላንጋኖ ነፋስ ተነሳ። የሚያውቀው ያውቀዋል። አሸዋውን አንስቶ እኔ ላይ ለጠፈው። ክሬም የጠገበ ገላና አሸዋ ከተገናኙ ማን ያላቅቃቸዋል? ልታጠብ ብዬ ሐይቁ ውስጥ ገባሁ። ለካ ክሬሙ ውኃ በቀላሉ የማያስለቅቀው አይነት ነው። ነጩ እንዳለ፣ አሸዋው እንዳለ፣ በላዩ የሐይቁ ደለል ተጨመረበት። ስወጣ እትዬ አማተቡ።

ያው ነፋስ የጋሼን ባርኔጣ ነጥቆ ሐይቁ ውስጥ ጣለው። ጋሼ ምን ተዳቸው! ቢራቸውን ይዘው እስኪመሽ ቁጭ አሉ።

ማታ መላጣቸው ትራስ አላስነካ አላቸው። እትዬ ቅቤ ሊቀቧቸው ሲነሱ የአክስቴ ልጅ ዘላ መሃል ገባች። «ቅቤ ሙቀቱን ያፍነዋል! ቀዝቃዛ ውኃ ነው የሚፈልጉት!» እርጥብ ፎጣ ጭንቅላታቸው ላይ ተደረገ፤ ብዙ ውኃም እንዲጠጡ ታዘዘ። ጋሼ ሌሊቱን በሙሉ ፎጣው በሞቀ ቁጥር እትዬን እየቀሰቀሱ አሳደሯቸው።

ጠዋት በራችን ተንኳኳ። ጋሼ ናቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያ ሊጥ ተርፏል?» አሉ።

ቁርስ ላይ ሲመጡ ከቅንድባቸው በላይ ያለው ሁሉ ነጭ ሆኗል። በቲዩቡ ውስጥ የቀረ ያለ አይመስለኝም። የጠዋቱን ብርድ ፈርተው ደግሞ የእትዬን ነጠላ ተከናንበዋል። ፂማቸውን መቼም ተላጭተው አያውቁም።

ከማእድ ቤት ብቅ ያሉ አንድ እናት ከሩቅ አይተዋቸው ጥምጥም መሰላቸው። እጃቸውን እየጠረጉ መጥተው ጎንበስ አሉ። «አባቴ፣ ይባርኩኝ።»

ጋሼ አላመነቱም። «እግዚአብሔር ይባርክሽ፣ ልጄ» አሉ በረጅሙ። ወዲያው ቀኑ ዓርብ መሆኑ ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ ከፊታቸው የነበረውን እንቁላል ፍርፍር በክርናቸው ቀስ አድርገው ወደ እኔ ገፉት።