የኤም ዋኑ ሁለት ሕመም

ዛሬ ማታ ኤም ዋን በተባለው ጠመንጃዬ የተተኮሱትን ቀለሆች ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ አየኋቸው። ባሩድ እየጨመርኩ ደጋግሜ ከሞላኋቸው መካከል አንዳንዶቹ፣ ከግርጌያቸው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ዙሪያቸውን የሚያበራ ቀጭን ቀለበት አውጥተዋል። ጫፉ የተቆለመመ ሽቦ ወደ ውስጥ ስሰድ እዚያው ቦታ ላይ ጎድጎድ ያለ ነገር ይይዘዋል። ናሱ ተስቦ ሳስቷል፤ ዳግም ቢተኮስ ሊበጠስ ይችላል። ሁሉንም በፒንሳ ጨፈለቅኳቸው።

ጠመንጃው ከኢትዮጵያ የጦር መጋዘን ወጥተው እዚህ አሜሪካ ከተሸጡት ኤም ዋኖች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ የታጠቀው ይህንኑ ዓይነት ነበር። ስለዚህ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እንዲቀር አልፈልግም፤ በደህና እንዲተኮስ እፈልጋለሁ።

ሌላው ሕመሙ፣ ስምንት ጥይት የሚይዘው ክሊፕ የመጨረሻው ጥይት ሳይጎርስ አንዳንዴ ተስፈንጥሮ መውጣቱ ነው። ወዳጆቼ «ሞላ ቀይርለት፣ ሁለቱም ይድናሉ» ይሉኛል። እኔ አልስማማም። ቀለሁን የሚስበው በመቀርቀሪያው ፊትና በጥይቱ ትከሻ ማረፊያ መካከል ያለው ክፍተት ሲሰፋ ነው፤ ሞላ እዚያ አይደርስም። ክሊፑ ግን የትናንሽ ብረቶች ቅንጅት ጉዳይ ነው። እጅ የሚጎዳው ደግሞ የመጀመሪያው ስለሆነ እሱ ይቅደም አልኩ።

መቀርቀሪያውን ፈትቼ ቀለህ መሳቢያውንና አስፈንጣሪውን አወጣሁ፤ የአስፈንጣሪው ሞላ፣ ክፍተቱን የምለካበትን ጥይት መሰል መለኪያ ከገፋው ልኬቱ ይዋሻልና። ከዚያ መለኪያዎቹን በየተራ እያስገባሁ መቀርቀሪያውን በጣት ብቻ፣ ሳልጫን ለመዝጋት ሞከርኩ። በትንሹ መለኪያ፣ በ49.28 ሚሊሜትሩ፣ ተዘጋ። በመካከለኛው በ49.43ም ተዘጋ። ለአገልግሎት የመጨረሻ ወሰን በሆነው በ49.53 ግን እምቢ አለ። አርጅቷል፣ ግን አልተወገደም። ከእንግዲህ ለዚህ ጠመንጃ አዲስ ጥይት ብቻ ነው የምጠቀመው። መቀርቀሪያውንም ከሌላ ጠመንጃ ጋር ሳልለካ አላለዋውጥም፤ እነዚህ ጠመንጃዎች በየጥገናው ክፍላቸው እየተቀላቀለ ስለመጡ የተቀረጸባቸው ቁጥር መመሳሰሉ ብቻ ዋስትና አይሆንም።

ክሊፑን ባሩድ በሌለው የልምምድ ጥይት፣ በእጅ ቀስ እያልኩ ፈተንኩት። የክሊፑን መያዣ ብቻ ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ወደ ቦታው መልሼ ጥይቱን ወደ ላይ የሚገፋውን ክንድ ስቀይር ክሊፑ እስከ መጨረሻው ጥይት ቆየ። አሮጌው ክንድ ከአዲሱ ጎን ሲቀመጥ መጉበጡ በዓይን ይታያል። በሁለቱ መካከል ሌላ ነገር ስላልነካሁ፣ ምክንያቱን በእርግጠኝነት አውቀዋለሁ።

ቅዳሜ ክሊፑ ውስጥ ሁለት ሁለት ጥይት ብቻ እያደረግኩ እተኩሳለሁ። ክሊፑ በጊዜው ከወጣ ወደ ስምንት እሄዳለሁ።