ጥጥ የለበሰው ጥድና የወሎ ገና

ታኅሣሥ ሲጋመስ ደሴ ላይ አንዳንድ ሱቆች በር ላይ የፕላስቲክ ጥድ ይቆማል። ቅርንጫፉ ላይ ጥጥ ጣል ጣል ይደረጋል፣ በረዶ መሆኑ ነው። ደስ ያለው ይግዛ፣ አልቃወምም። ግን ልጆች «ጥጡ ለምንድነው?» ሲሉ መልስ ያለው ሰው ስለማይገኝ እስቲ የማውቀውን ልበል።

ጥዱ የመጣው ከጀርመኖች ሀገር ነው። እዚያ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች ለልደት ጥድ ቤት አስገብተው ያስጌጡ ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1848 አንድ የለንደን ጋዜጣ ንግሥት ቪክቶሪያን ከነቤተሰቧ ባጌጠ ጥድ ዙሪያ የሚያሳይ ሥዕል አወጣ፣ ከዚያ በኋላ ነገሩ በየአገሩ ተዛመተ። ለምን ጥድ? እነሱ ጋ በዚያ ወር ዛፉ ሁሉ ቅጠሉን አራግፎ ባዶውን ይቀራል፣ በርሊን ላይ ፀሐይ ገና ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ትጠልቃለች፣ ያን ሁሉ ችሎ አረንጓዴ የሚሆነው ጥድ ነው። የበዓሉ ቀንም እንደዚያው። ሮም ውስጥ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ354 የተዘጋጀ መዝገብ ልደትን ዲሴምበር 25 ላይ ጽፎታል፤ ሮማውያን ደግሞ ቀኑ ማጠሩን ትቶ መርዘም የሚጀምረው በዚሁ ዕለት ነው ይሉ ነበር። ሁለቱ ተያይዘዋል የሚሉ ሊቃውንት አሉ፣ አይደለም የሚሉም አሉ። እኔ የገባኝ፣ በዚያ ጨለማ ውስጥ ላለ ሰው መብራትና አረንጓዴ ቅጠል ትልቅ ነገር መሆኑ ነው።

እኛ ጋ ጨለማው የለም። ብርዱስ አለ፣ ደጋው ላይ ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ያድራል፣ ግን ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ቀንና ሌሊቱም ያን ያህል አይበላለጥም። እህሉ ታጭዶ አውድማ ገብቷል። ማሳው ባዶ ስለሆነ ነው እኮ የገና ጨዋታ የሚያምረው! ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ይቆረጣል፣ ሩሯ መሐል ትጣላለች፣ ሁለት ወገን ሆነው አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ይለጓታል። እረኞች የጌታን መወለድ ሲሰሙ ከደስታ ብዛት በያዙት ዱላ ተጫወቱ ይባላል፣ ጨዋታው የዚያ መታሰቢያ ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚባለውም በዚያች ቀን ሎሌና ጌታ እኩል ስለሚጋፉ ነው። ለእኔ የበዓሉ ትርጉም ከጥጡ ይልቅ እዚህ ውስጥ አለ።

የቀን ቆጠራችንም የራሱ ምክንያት አለው። የጌታ ፅንሰት መጋቢት 29 ነው፣ ከዚያ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ሲቆጠር ታኅሣሥ 29 ይመጣል። ጳጉሜን ስድስት ስትሆን አንድ ቀን ትጨመራለች፣ ስለዚህ በሚከተለው ዓመት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ገና በ28 ይውላል። ብዙ ሰው በየአራት ዓመቱ ግራ የሚጋባበት ነገር ይሄው ነው።

ላሊበላ ላይ ደግሞ በዓሉ ድርብ ነው፤ ንጉሡም የተወለደው በዚሁ ዕለት ነው ተብሎ ይታመናል። በእግሩ ቀናት የተጓዘው ምእመን በሶውን ቋጥሮ አቧራ ለብሶ ሲደርስ የከተማው ሰው ዝቅ ብሎ እግሩን ያጥበዋል። ይሄ ወግ ነው፣ ክፍያ የለውም። ሌሊቱን ማሕሌቱ ሲቆም ያድራል። ጠዋት ቤተ ማርያም ላይ ቤዛ ኵሉ የሚባለው ዝማሬ ይጀመራል፦ ካህናቱ ግማሾቹ ላይ ማሜ ጋራ አፋፉ ላይ ይሰለፋሉ፣ ግማሾቹ ታች ግቢው ውስጥ። የላዮቹ መላእክት ናቸው፣ የታቾቹ እረኞች። ከላይ ይዜማል፣ ከታች ይመለሳል፣ ከበሮውና ጸናጽሉ መሐል ይገባል፣ ሁሉም መቋሚያውን ይዞ ዝቅ ከፍ ይላል። የልደትን ታሪክ ማንበብ ለማይችል ሰው እንኳ ሁሉ ነገር እዚያው ዓይኑ ሥር አለ። እኔ ከዚህ የሚበልጥ ስብከት አላውቅም።

ወሎ ነውና ገናው የክርስቲያኑ ብቻ ሆኖ አይውልም። ሙስሊሙ ጎረቤት የሚበላው ለብቻው ይታረዳል፣ ቢላውን የሚይዘውም እሱ ራሱ ነው።

ዘንድሮ ላሊበላ የምትሄዱ ካላችሁ ዋዜማውን ቀደም ብላችሁ ግቡ፣ ወፍራም ጋቢ ያዙ፣ ሌሊቱ አይቻልም። ለቤዛ ኵሉ ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ቦታ ካልያዛችሁ ከሰው ጀርባ ሌላ የምታዩት የለም። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ።