የነገው ቀጠሮ

ነገ ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምርመራ ትወጣለች። ከወሊድ ወጥተን ወደ ቤት ስንሄድ ሲስተሯ ካርዱ ላይ ቀኑን ጽፋ አሰመረችበትና «በሰባተኛው ቀን እንዳትቀሪ» አለችኝ። ለምን እቀራለሁ ብዬ ነበር። አራስ ቤት ገብቼ ጠያቂው ሲበዛ ነው የገባኝ። የሚመጣው ሰው ሁሉ የምቀርበት ምክንያት ይሰጠኛል። ብርድ ነው። ምች ይመታታል። የሰው ዓይን አለ። ክርስትና ሳትነሳ እንዴት ከቤት ትወጣለች? የሴት ልጅ ክርስትና 80 ቀን ነው፤ እስከዚያ ስንት ነገር አለ።

ፍርሃታቸውን አልንቅም። የኛ እናቶችና አያቶች ልጅ ቀብረዋል። የሚያውቁትን ነው የሚፈሩት። ግን እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። በመጀመሪያው ወር ከሚሞቱ ጨቅላዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል የሚሞቱት በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ነው። እኛ ቤት ዘግተን በምንጠብቅበት ሳምንት ማለት ነው። ስለዚህ ሄዳ ትታይልኝ።

እማዬ ግን እስከ ትናንት እሺ አላለችም። «ገና አጥንቷ ያልጠና ልጅ ይዘሽ የት ልትሄጂ ነው?» ስትለኝ ነበር። ትናንት ህፃኗን ልታጥብ እጅጌዋን ስትሰበስብ ክንዷ ላይ ያለችው ጠባሳ ታየችኝ። ክብ ናት። መሐሏ ጎድጎድ ብሏል፣ ዳሯ እንደ ተሸበሸበ ጨርቅ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ጠይቄ ግን አላውቅም።

«እማዬ፣ ይቺ የምን ናት?»

«የፈንጣጣ ነዋ። ልጅ ሆኜ ከታቢዎች በእግራቸው መንደራችን መጡ። ሰዉ ልጆቹን ጎተራ ውስጥ ሳይቀር ደበቀ። እናቴ ግን እጄን ይዛ ወስዳ አሰለፈችኝ።»

ፈንጣጣ ከኢትዮጵያ የጠፋው በ1968 ዓ.ም. መጨረሻ አካባቢ ነው። እማዬ ያኔ ትንሽ ልጅ ናት። ማንበብ የማትችለው አያቴ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሲሸሽ፣ ልጇን ይዛ ወደ ከታቢዎቹ ሄደች። ይህንን ሳስብ አንገቴ ላይ የሆነ ነገር ተናነቀኝ። ምንም አላልኳትም። እሷም እያጠበች ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ «ራሷን በደንብ እንሸፍናታለን። እኔም አብሬ እሄዳለሁ» አለች።

ዛሬ ከሰዓት ቦርሳውን አዘጋጀሁ። ካርዷ፣ የመውጫ ወረቀቱ፣ ዳይፐር፣ ቅያሪ ልብስ፣ ፎጣ። ልብሷን ከፊት የሚከፈት መረጥኩ፤ ለሚዛን ራቁቷን መሆኗ ስለማይቀር ቶሎ አውልቆ ቶሎ ማልበስ ይሻላል። የእኔን የደም ዓይነትም ካርዱ ላይ መጻፉን አየሁ። የእኔ ኦ ነው፣ የአባቷ ቢ። እናት ኦ ሆና ልጅ ኤ ወይም ቢ ከሆነ የጨቅላዎች ቢጫነት ሊበረታ ይችላል።

የቢጫነቱ ነገር ነው ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ። ብዙ ጨቅላዎች በሁለተኛው ሦስተኛው ቀን ትንሽ ቢጫ ይላሉ፣ አብዛኞቹም ያለ ምንም ሕክምና ይለቃቸዋል። የእኛ ቆዳ ላይ ግን ቶሎ አይታይም። ጠዋት ጠዋት መስኮት አጠገብ ይዣት እሄድና የዓይኗን ነጭና ድዷን አያለሁ። ግንባሯን በጣቴ ጫን አድርጌ ስለቅ ቆዳው ለአፍታ ምን ዓይነት እንደሚሆን አያለሁ። መዳፏንና ውስጥ እግሯንም እገልጣለሁ፤ ቢጫው እዚያ ከደረሰ ቀጠሮ አይጠበቅም። ጠያቂዎቼ «የማለዳ ፀሐይ አሙቂያት፣ ይለቃታል» ይሉኛል። የቢጫነት ሕክምናው በርግጥም ብርሃን ነው፤ ግን ሐኪም ቤት ያለው ሰማያዊው መብራት ነው። ፀሐይ ላይ አስቀምጦ ቀን መቁጠር ልጁን የሚጎዳው ጊዜ ስለሚያስበላ ነው።

ደብተር ይዣለሁ። መቼ እንደጠባች፣ ስንት ዳይፐር እንዳረጠበች፣ ካካዋ ምን እንደሚመስል እጽፋለሁ። ከአምስተኛው ቀን ወዲህ በቀን 6 እና ከዚያ በላይ ካረጠበች ወተቱ እየደረሳት ነው ማለት ነው። «ወተትሽ ቀጭን ነው፣ ውሃ በስኳር ስጫት» ላለችኝ ሴት ያሳየኋት ደብተሩን ነው። እስከ 6 ወር ከጡት ሌላ ምንም፣ ውሃም ቢሆን አልሰጣትም። ቅቤ የማስላሱም ነገር ተነስቶ ነበር። እዚያ ላይ እማዬ ራሷ ቆመችልኝ። እትብቷም ላይ ምንም አንቀባም፤ ደርቆ በራሱ ይወድቃል።

ክብደቷን ለመስማት ቸኩያለሁ። ስትወለድ 3.1 ኪሎ ነበረች። ጨቅላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እስከ አንድ አስረኛ ሊቀንስ ይችላል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመልሰዋል። ስለዚህ ነገ 2.9 ቢሉኝ እንዳልደነግጥ ከአሁኑ ለራሴ እየነገርኩት ነው። ከ2.8 ከወረደች ግን አጠባቤን ቁጭ ብለው እንዲያዩልኝ እጠይቃለሁ። ጡቱን እንዴት እንደያዘች ዓይተው የሚያስተካክሉ ሲስተሮች አሉ፤ ካልጠየቅናቸው ግን ወረፋው ስለሚበዛ ያልፉናል።

ነገ ቢሲጂም ትከተባለች። የፖሊዮ ጠብታዋን ስትወለድ ወስዳለች፣ የሳንባ ነቀርሳ መከላከያው ግን ለዚህ ቀጠሮ ተላልፎ ነበር። መጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር። በኋላ ሲስተሯ አስረዳችኝ። አንዱ ብልቃጥ 20 ልጅ ይከትባል፤ አንዴ ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፣ የተረፈው ይደፋል። ስለዚህ ልጆቹን ሰብስበው ነው የሚከፍቱት። ከሳምንታት በኋላ የተወጋችበት ቦታ ያብጣል፣ ትንሽ መግልም ሊይዝ ይችላል። አይጨመቅም፣ ምንም አይቀባም። ስትወጋ ጡት ላይ ሆና ብትሆን ሕመሙ ይቀልላታል አሉ፤ እንደዚያ እንዲያደርጉልኝ እለምናለሁ። ቀጣዩ ክትባት በ6 ሳምንቷ ነው።

እስከ ጠዋት ደህና ያሳድረን። ሌሊት ጡት እምቢ ካለች፣ ሙቀቷ 37.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም ሰውነቷ ከቀዘቀዘ፣ ትንፋሿ በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ካንቀጠቀጣት፣ ሊነጋ ነው ብለን አንጠብቅም። የምንጠራው ታክሲ ስልክ በር ላይ ተለጥፏል።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ቆይቼ አንድ ነገር ታወሰኝ። ቀጠሮው የእኔም ነው። ካርዱ ላይ ለእናትም ቦታ አለው፤ ደም ግፊት፣ ሙቀት፣ የደም መፍሰስ፣ ጡት። ጠያቂ ሲመጣ «ህፃኗ እንዴት ናት?» ይላል፣ ገንፎውን ይበላል፣ መርቆ ይሄዳል። እኔም ስለራሴ የምለው የለኝም ብዬ ነበር። ግን ከወለድኩ ወዲህ ማታ ማታ ያለ ምክንያት አለቅሳለሁ። እንቅልፍ ባጣሁ ነው ብዬ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ብዙ እናት እንደዚህ እንደሚሆንና ከሁለት ሳምንት ከዘለቀ ግን መታከም እንዳለበት አውቃለሁ። ማወቄ ለመናገር አላቀለለልኝም። እማዬ ፊት አልተናገርኩም፤ «ማርያም ምራሽ እያለች ምን ያስለቅስሻል?» እንዳትለኝ። ዛሬ ግን ደብተሩ ላይ ከልጄ ጥያቄዎች ቀጥዬ ጻፍኩት።

ለባለቤቴ ሕጉ የሚሰጠው የአባትነት ፈቃድ 3 ቀን ነው፣ አልቋል። ለነገ ግማሽ ቀን ለምኖ አስፈቅዷል። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ካርድ ክፍል መድረስ አለብን። አሁን ከጎኔ ተቀምጦ የጥያቄዎቹን ገጽ በስልኩ ፎቶ አንስቷል። የመጨረሻዋን አነበባትና ቀና ብሎ አየኝ። «ይቺን አንቺ ካልጠየቅሽ እኔ እጠይቃታለሁ» አለኝ። እሺ አልኩት።